«ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ማለት ክሌሙ ተዘጋ ማለት አይደለም

ሌላ ሰው ገጭቶዎት ክሌሙ፣ ማለትም ለኢንሹራንስ የቀረበው የካሳ ጥያቄ፣ ሳያልቅ የኢንሹራንስዎ ዓመት ቢሞላ ምን ያደርጋሉ? ሰሞኑን በብሪታንያ ለሚኖሩ አሽከርካሪዎች የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ስድስት ምክር ሰጥቷል። ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ ለአዲሱ ኢንሹራንስ አይናገሩ፤ መናገር ግድ ከሆነም የክሌሙን ወጪ ዜሮ ብለው ይሙሉ፤ ኖ ክሌም ቦነስዎ (ያለ ክሌም ላለፉ ዓመታት የሚሰጥዎ ቅናሽ) ፕሮቴክትድ፣ ማለትም ክሌም እንዳይቀንሰው የተጠበቀ፣ ከሆነ ዋጋዎ አይነካም፤ ክሌሙ እስኪዘጋ ኩባንያ አይቀይሩ፤ ጉዳዩን በሙሉ ለአደጋ ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት ይስጡ፣ በነፃ ነው፤ የጨመሩብዎትን ገንዘብ ደግሞ ይርሱት፣ አይመለስም። ከስድስቱ አንዱ ግማሽ እውነት አለው። አራቱ ገንዘብ ያስወጣሉ። የመጀመሪያው ግን ሰውን ያለ ኢንሹራንስ ሊያስቀር ይችላል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባታችን በፊት ጽሑፉን ከሥሩ ያሳሳተውን እናንሣ። ጸሐፊው «ኖን ፎልት» (ቃል በቃል «ጥፋት የሌለበት») የሚለውን ቃል የጥፋተኝነት ብይን አድርገው ያነቡታል። በኢንሹራንስ መዝገብ ላይ ቃሉ የሚናገረው ግን ማን ማንን እንደገጨ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ከማን ኪስ እንደወጣ ነው። ኢንሹራንስዎ መኪናዎን በ2,340 ፓውንድ አስጠገነ፣ ለምትክ መኪና 410 ከፈለ እንበል፤ ድምሩ 2,750 ነው። የገጪው ኢንሹራንስ 2,750ውን አሟልቶ ሲመልስ ፋይሉ «ኖን ፎልት» ተብሎ ይዘጋል። «ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው፣ እኩል ይካፈሉ» ተብሎ 1,375 ብቻ ቢመለስ የቀረው ከእርስዎ ኢንሹራንስ ኪስ ወጥቷልና «ፎልት» ተብሎ ይመዘገባል። ደጅ ያቆሙትን መኪና ሌሊት ገጭቶ የጠፋ ሰው ባይገኝም መዝገቡ ያው ነው፤ እርስዎ አልጋዎ ላይ ቢሆኑም ገንዘቡን የሚመልስ የለምና ፎልት ይሆናል። ያናድዳል፣ ግን አሠራሩ ይኸው ነው። ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ፋይሉ ክፍት ነው፤ ክፍት ፋይልን ደግሞ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለዋጋ ማውጫ የሚቆጥሩት እንደ ፎልት ነው።

ስለዚህ መንገድ ላይ «ይቅርታ፣ የእኔ ጥፋት ነው» መባሉ፣ ፖሊሱም «ጥፋቱ የእሱ ነው» ማለቱ ፋይል አይዘጋም። የሚዘጋው የገጪው ኢንሹራንስ ተጠያቂነቱን በጽሑፍ አምኖ ሲከፍል ነው። ከኋላ የተገጨ መኪና ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልቃል። አደባባይ ላይ፣ መስመር ሲቀየር ወይም በሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ውስጥ የደረሰ ግጭት ግን ካሜራ ወይም ምስክር ከሌለው ግማሽ በግማሽ የመከፈል ዕድሉ ሰፊ ነው። የዳሽ ካሜራ ቪዲዮ በላዩ ላይ እየቀረጸ ስለሚያጠፋው በዚያው ቀን ገልብጠው ያስቀምጡት።

«ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ አይናገሩ»

የጸሐፊው መከራከሪያ «ያልሠራሁትን ለምን እናዘዛለሁ?» የሚል ነው። ፎርሙ ግን ስለ ኃጢአት አልጠየቀም። አብዛኞቹ ፎርሞች የሚጠይቁት ባለፉት 5 ዓመታት አደጋ፣ ክሌም ወይም ጉዳት ደርሶብዎት እንደሆነ ነው፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ክሌም ያድርጉም አያድርጉ። 3 ዓመት ብቻ የሚጠይቁም አሉ። የተጠየቁትን ዘመን ይመልሱ፣ ከዚያ ያለፈውን መጨመር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ለተጠቃሚው ያደላ ሕግ ነው። ያልተጠየቁትን በራስዎ ተነሥተው የመናገር ግዴታ ቀርቶልዎታል፤ የተጠየቁትን ግን ተገቢውን ጥንቃቄ አድርገው በትክክል መመለስ አለብዎት። ሚኒካብ (በጥሪ የሚሠራ ታክሲ) ለሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ጸሐፊው ያላነሡት ነገር አለ። በዋናነት ለሥራ የሚውል ውል በዚህ የሸማቾች ሕግ አይገዛም፤ የሚገዛው በ2015ቱ የኢንሹራንስ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የሚያውቁትን ቁም ነገር ሳይጠየቁም ማቅረብ አለብዎት። ሁለት መኪና ያለው ሰው፣ አንዱን ለቤተሰብ ሌላውን ለሥራ የሚነዳ፣ ለአንዱ የሚበቃው መልስ ለሌላው ላይበቃ ይችላል።

«ማን ያውቅብኛል?» የሚል ካለ፣ ይታወቃል። ኢንሹራንሶች «ሲዩኢ» የሚባል የጋራ መዝገብ አላቸው፤ የሚያስተዳድረው የሞተር ኢንሹራንሶች ቢሮ፣ ማለትም ኤምአይቢ ነው። አደጋውን ለኢንሹራንስዎ ባመለከቱ ጊዜ፣ ገንዘብ ባይጠይቁም እንኳ፣ ቀኑ፣ የሰሌዳ ቁጥሩና የፋይሉ ሁኔታ እዚያ ሊገባ ይችላል። አንዳንዱ ኩባንያ መዝገቡን ዋጋ ሲሰጥ ያየዋል። ሌላው ክሌም ሲያመጡበት ነው የሚከፍተው፤ የሚያስፈራውም ይኼኛው ነው፣ ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ ሰላም ነኝ ብለው ሲነዱ ይከርማሉ።

ሲደረስብዎት የሚሆነው ዝርዝሩ እንዲህ ነው። ስሕተቱ የግድየለሽነት ከሆነና ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ ዋጋ ይጨምር የነበረ ከሆነ ካሳውን በልኩ ይቀንሳል። 800 ፓውንድ ከፍለዋል፣ አደጋውን ቢናገሩ 1,200 ይከፍሉ ነበር እንበል። የከፈሉት የሚገባውን ሁለት ሦስተኛ ነው። በዚያ ዓመት መኪናዎ ከጥቅም ውጪ ቢሆንና ግምቱ 6,000 ቢሆን የሚደርስዎት 4,000 ብቻ ነው፤ 400 ለማትረፍ ተብሎ 2,000 ሄደ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ። ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ ጨርሶ አልዋዋልም ነበር የሚል ከሆነ ደግሞ ውሉን ከመነሻው ሰርዞ የከፈሉትን ይመልስልዎታል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ከተባለ ይሰርዘዋል፣ አረቦኑንም በአብዛኛው አይመልስም። እርስዎ የገጩት ሦስተኛ ወገን ካለ ኢንሹራንሱ ለእሱ መክፈሉ በሕግ የማይቀር ነው፤ የከፈለውን ግን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ ወዲያ በየፎርሙ «ውል ተሰርዞብዎት ያውቃል?» ሲባሉ «አዎ» ማለት ሊኖርብዎት ነው። ጸሐፊው እንዲደበቅ የመከሩት የኖን ፎልት አደጋ ከዚህ አንድ «አዎ» ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

«ወጪውን ዜሮ ብለው ይሙሉ»

ዜሮ እውነት የሚሆነው አንድም ሳንቲም ካልወጣ ነው። ለምሳሌ ለኢንሹራንስዎ አሳውቀው ጥገናውን በቀጥታ የገጪው ኢንሹራንስ ከከፈለ ፋይልዎ «ለማሳወቅ ብቻ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን አደጋው ይነገራል። ከዚያ ውጪ ቁጥሩን አይገምቱ፣ ይጠይቁ።

የእድሳት ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሳምንት ገደማ በፊት ይደርሳል። በደረሰ ቀን ወደ ሽያጭ ሳይሆን ወደ ክሌም ክፍል ይደውሉ፣ የክሌም ቁጥሩን ይያዙና እነዚህን ይጠይቁ፦ እስከ ዛሬ ስንት ተከፈለ? ለወደፊት ወጪ በመጠባበቂያ የተያዘው ስንት ነው? ከገጪው ኢንሹራንስ ስንት ተመለሰ? ተጠያቂነቱን በጽሑፍ አምነዋል ወይስ ገና ነው? በሲዩኢ ላይ ፋይሉ ምን ተብሎ ተመዝግቧል? የተከፈለውና የተያዘው ሁለት የተለያየ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ። የመኪናዎ ተሳፋሪ ከእርስዎ ኢንሹራንስ የጉዳት ካሳ ከጠየቀ፣ ወይም ያኛው ወገን በተራው እርስዎን ከከሰሰ፣ የያዙት መጠባበቂያ ከጥገናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ፎርሙ «ጠቅላላ ወጪ» ካለ የትኛውን እንደሚፈልግ አዲሱን ኩባንያ ይጠይቁ። መልሱን ሁሉ በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎ ያድርጉ። «በስልክ ነግሬያቸዋለሁ» የሚለው ከዓመት በኋላ ውሃ አያነሣም።

የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጾች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንዳንዱ ፎርም «ገና አልተወሰነም» የሚል ምርጫ አለው፤ ያንን ይምረጡ። ሌላው «ጥፋቱ የእርስዎ ነበር? አዎ፣ አይደለም» ብሎ ያበቃል። ያኔ «አይደለም» ብሎ ማለፍ ያጓጓል፤ ርካሽ ዋጋም ይወጣል። አዲሱ ኩባንያ መዝገቡን ሲያይ ክፍት ፋይል ያገኛል፤ በሳምንቱ «ዋጋዎ ተስተካክሏል፣ ልዩነቱን ይክፈሉ ወይም ውሉ ይቋረጣል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እንዲህ ያለ ፎርም ሲገጥምዎ ከመክፈልዎ በፊት ኩባንያው ዘንድ ደውለው «ክሌሙ ክፍት ነው፣ ተጠያቂነት ታምኗል (ወይም አልታመነም)፣ እንዴት ልሙላው?» ይበሉ። የነገሩዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ።

ከዚህ የባሰ ሰው የሚሰናከልበት የኖ ክሌም ሣጥን ነው። ባለፈው ዓመት 5 ዓመት ነበረዎት፣ ዘንድሮ 6 ይሆናል ብለው 6 ይሞላሉ። የድሮው ኢንሹራንስ የሚልክልዎ ማረጋገጫ ግን ክሌሙ ክፍት ስለሆነ ቦነሱን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙዎቹ ዘንድ 5ቱን ወደ 3 አውርዶ፣ ሊጽፈው ይችላል። አዲሱ ኩባንያ ማረጋገጫውን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠይቃል፤ 6 ብለው 3 ሲያመጡ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ከመሙላትዎ በፊት «ዛሬ ማረጋገጫ ብትጽፉልኝ ስንት ዓመት ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቁና የነገሩዎትን ይሙሉ። ክሌሙ ኖን ፎልት ተብሎ ሲዘጋ ወደ ላይ ይመለሳል።

«ፕሮቴክትድ ከሆነ ዋጋዎ አይነካም»

ይህ አጭር ነው። ፕሮቴክሽን የሚጠብቀው የዓመቱን ቁጥር እንጂ ዋጋውን አይደለም። 60 በመቶ ቅናሽዎ ሳይነካ፣ ቅናሹ የሚሰላበት መነሻ ዋጋ ከ1,500 ወደ 2,000 ቢያድግ ከ600 ወደ 800 ይከፍላሉ። ቦነሱ ባለበት ነው፤ ሂሳቡ ግን ጨምሯል። ኖን ፎልት ሆኖ የተዘጋ ክሌምም ዋጋ ሊጨምር ይችላል፤ አንዳንድ ኩባንያዎች የተገጨ ሰው ዳግም ክሌም የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ብለው ያሰላሉ። ጸሐፊው ይህን ግፍ ነው ቢሉ ባልተከራከርናቸው።

«ክሌሙ እስኪዘጋ ኩባንያ አይቀይሩ»

ግማሽ እውነት አለው ያልነው ይህን ነው። ጸሐፊው «ከቀየሩ ክሌሙ ባለቤት ያጣል» ይላሉ፤ ይህ ሐሰት ነው። ክሌም የሚታሰረው አደጋው በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ ከነበረው ውል ጋር ነው። ኩባንያ ቢቀይሩ፣ መኪናውን ቢሸጡ፣ መንዳት ቢያቆሙ እንኳ የድሮው ኢንሹራንስ ፋይሉን እስከ መጨረሻው ይይዛል። በውሉ ላይ የሕግ ወጪ ሽፋን ገዝተው ከነበረም እሱም ለዚያ አደጋ ይቀጥላል፤ ኤክሰስዎን (ከጥገናው ወጪ ራስዎ የከፈሉትን ድርሻ) እና ያጡትን የሥራ ገቢ ከገጪው ለማስመለስ የሚያገለግለው ይኸው ሽፋን ነው። ኤክሰስ በራሱ ጊዜ እንደማይመለስ ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንሹራንስዎ የሚያሳድደው እሱ የከፈለውን ነው፤ የእርስዎን ኤክሰስ፣ 350 ፓውንድ ነው እንበል፣ የሚጠይቁት እርስዎ ወይም ጠበቃዎ ነው። ሚኒካብ የሚሠሩ ሰዎች ከአደጋው በፊት የነበረውን የሦስት ወር ገቢ ሥራ ከሚቀበሉበት የስልክ መተግበሪያ አውርደው፣ ከባንክ መግለጫና ከግብር ሰነድ ጋር ያስቀምጡ፤ ያለ እሱ «ገቢ አጣሁ» ማለት ባዶ ቃል ነው።

እውነት ያለው ግማሹ ደግሞ ይህ ነው፦ የአሁኑ ኩባንያዎ ፋይሉን ከውስጥ ያውቀዋል። ተጠያቂነት በጽሑፍ መታመኑን እያየ አንዳንዴ ከማያውቅዎ ኩባንያ የተሻለ ዋጋ ይሰጣል። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ኤፍሲኤ፣ ማለትም የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ፣ ነባር ደንበኛን በእድሳት ጊዜ ከአዲስ ደንበኛ አስበልጦ ማስከፈልን ከልክሏል፤ የእድሳት ደብዳቤውም ያምና ዋጋዎን አጠገብ ለአጠገብ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ዘንድሮ መቆየት ሞኝነት ላይሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ግን ሌላ ቦታ ዋጋ ጠይቆ በማነጻጸር ነው። ዋጋውን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን 3 ሳምንት ያህል ቀድመው ይጠይቁ፤ ለነገ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ይወደድበታል። ከቀየሩም የድሮው ውል በራሱ እንዳይታደስ ማስቆምዎን አይርሱ። ከታደሰ በኋላ ካስተዋሉ የ14 ቀን መመለሻ ጊዜ አለዎት።

ክፍተት ግን አንድ ቀንም አይኑር። «ክሌሙ ይዘጋና አድሳለሁ» ብሎ መኪናውን መንገድ ላይ ማቆም ራሱ ቅጣት አለው፤ መኪናው ከመንገድ ውጪ ነው ተብሎ በይፋ ካልተመዘገበ በቀር ባይነዳም ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ሲነዱ ከተያዙ ደግሞ ቅጣቱ 300 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ ነው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን፣ እሳቸውም አጥብቀው ጽፈውታል።

«ለአስፈጻሚ ድርጅት ይስጡ፣ በነፃ ነው»

አደጋው በደረሰ በሰዓታት ውስጥ የሚደውሉት ድርጅቶች ምትክ መኪና ያመጣሉ፣ የተጎዳውን መኪና ይወስዳሉ፣ ያስፈርማሉ። የሚፈርሙት ወረቀት ግን የብድር ኪራይ ውል ነው። መኪናውን የተከራዩት እርስዎ ነዎት፤ ዕዳውም የእርስዎ ነው፤ ድርጅቱ ከገጪው ኢንሹራንስ እስኪያስመልስ ድረስ ታገሠዎት እንጂ አልማረዎትም። በቀን 90 ፓውንድ ሒሳብ 45 ቀን ቢነዱ 4,050 ነው። ያኛው ኢንሹራንስ ሦስት ነገር ይከራከራል፦ መኪና ያስፈልግዎ ነበር ወይ፣ ይህን ያህል ቀን ለምን፣ ይህን ያህል ዋጋስ ለምን። «በራሴ ገንዘብ ለመከራየት አቅም አልነበረኝም» ካሉ የባንክ መግለጫዎን አምጡ ይባላሉ። የገጪው ኢንሹራንስ ራሱ ምትክ መኪና እሰጣለሁ ብሎ ከጻፈልዎ ያንን ደብዳቤ ሳይመልሱ አይተዉት፤ ኋላ ፍርድ ቤት «ርካሹን ትተው ውዱን ለምን መረጡ?» ሲባል የሚነሣው እሱ ነው።

ድርጅቶቹ ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው አንልም። መኪናው እንጀራው ለሆነ፣ የጥፋቱ ነገርም ጥርት ላለለት ሰው ያገለግላሉ። ከመፈረምዎ በፊት ግን «ካልተመለሰ ማን ይከፍላል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ወረቀቱ ላይ ያሳዩኝ ይበሉ። ጥፋቱ አከራካሪ ከሆነ አይፈርሙ። ለእድሳቱ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ የኪራይ ክርክር ፍርድ ቤት ከገባ ጉዳዩ አንድ እድሳት አልፎ ሁለተኛው ላይ ሊደርስ ይችላል። ድርጅቱ ይዞልኛል ብለው ለራስዎ ኢንሹራንስ ሳያሳውቁ ከቀሩም ሌላ ጥፋት ነው፤ ውልዎ ማንኛውንም አደጋ እንዲያሳውቁ ያስገድድዎታል።

«የጨመሩብዎትን ይርሱት»

አይርሱት። ክሌሙ ገንዘቡ ሁሉ ተመልሶ ከተዘጋ፣ ክፍት በነበረ ጊዜ የተጨመረብዎት እንደገና ሊሰላ ይገባል። ግን ማንም በራሱ ተነሥቶ አያደርገውም። የድሮው ኩባንያ ፋይሉን ይዘጋል፣ ለአዲሱ አይናገርም፤ አዲሱም አይጠይቅም። ማገናኘት የእርስዎ ሥራ ነው።

ከድሮው ኢንሹራንስ የሚጠይቁት ደብዳቤ የአደጋውን ቀን፣ ወጪው በሙሉ መመለሱን፣ ፋይሉ ኖን ፎልት ተብሎ የተዘጋበትን ቀን እና የታደሰውን የኖ ክሌም ዓመት ብዛት ይያዝ። በሲዩኢ ላይም መስተካከሉን ይጠይቁ። የራስን መዝገብ ማየት በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት በነፃ ነው፣ ስለዚህ ከሁለት ወር በኋላ ራስዎ ያረጋግጡ፤ «ተዘግቷል» የተባለ ፋይል እዚያ ክፍት ሆኖ መገኘቱ ያጋጥማል። ደብዳቤውን ለአሁኑ ኩባንያ ልከው «ውሉ ከጀመረበት ቀን አንሥታችሁ እንደገና አስሉልኝ» ይበሉ። «ከጀመረበት ቀን» የሚለው ቃል እንዳያመልጥዎ። 1,140 አስከፍለው፣ ክሌሙ ተዘግቶ ቢሆን 930 ይሆን ከነበረ ልዩነቱ 210 ነው። ክሌሙ በሰባተኛው ወር ተዘግቶ «ለቀሩት አምስት ወራት ነው የምንመልሰው» ቢሉ 87.50 ብቻ ይደርስዎታል። በመሐል ሁለት ኩባንያ ቀይረው ከሆነ ለሁለቱም ይጻፉ።

እምቢ ካሉ በጽሑፍ ቅሬታ ያቅርቡ፤ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አላቸው። መልሱ ካላረካዎት መልሱ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ለፋይናንስ ዕንባ ጠባቂው ማመልከት ይችላሉ፤ አያስከፍልም። የድሮው ኩባንያ ፋይሉን ይዞ ተኝቶ ከሆነም በዚያው መንገድ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ክሌምን በፍጥነትና በፍትሐዊነት ማስተናገድ የኤፍሲኤ ደንብ የጣለባቸው ግዴታ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ለንብረት ጉዳት ክስ የመመሥረቻው ጊዜ 6 ዓመት፣ ለአካል ጉዳት 3 ዓመት ነው፤ ያኛው ወገን ዝም ካለ ኢንሹራንስዎ ክስ እንዲመሠርት በየወሩ በኢሜይል ይወትውቱት። የመዝጊያ ደብዳቤውንም ገንዘቡ ተመልሷል ብለው አይጣሉት፤ ከአደጋው ቀን ጀምሮ 5 ዓመት እስኪሞላ ድረስ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይቀርብልዎታልና።